መጠይቃችን ያሰብነውን ነው የሚለካው?

ስለ ሕመምተኞች አመጋገብ፣ እንቅስቃሴ፣ እንቅልፍና ሲጋራ የሚጠይቁ መጠይቆችን ስናረጋግጥ ስለሚያጋጥመው ነገር የጠየቃችሁኝን እንደ አመጣጡ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ክሮንባክ አልፋዬ 0.82 መጣ። መጠይቄ ተረጋገጠ ማለት ነው?

መልስ፦ ገና ነው፣ ወንድሜ። አልፋ የሚነግርህ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚዛመዱ ነው። የሚለኩት አንተ ያሰብከውን ስለመሆኑ ምንም አይልም። 0.70 ሲያልፍ ብዙ ሰው እፎይ ይላል። ከ0.95 ካለፈ ግን ያንኑ ነገር በሌላ አባባል እየደጋገምክ ሊሆን ይችላል። ደግሞስ ሲጋራና አትክልት የግድ መዛመድ አለባቸው እንዴ? አትክልት አዘውትሮ የሚበላ አጫሽ ሞልቷል። የተለያዩ ልማዶችን ደምረህ ያገኘኸው አልፋ ዝቅ ቢል ጥያቄዎቹን ለመሰረዝ አትቸኩል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከሕመምተኛው ጋር ቁጭ ከማለት። መጀመሪያ ባለሙያዎች የቀረ ወይም የማያስፈልግ ጥያቄ ካለ ይዩልህ። ከዚያ ከአምስት እስከ አሥር ሕመምተኞች እያንዳንዱን ጥያቄ አንብበው፣ ምን እንደገባቸው በራሳቸው ቃል ይንገሩህ። አንድ ጊዜ አንድ አባት «በሳምንት ስንት ቀን ከባድ የአካል እንቅስቃሴ ያደርጋሉ?» ስላቸው «ምንም» አሉኝ። እጃቸውን ሳይ መዳፋቸው ሻክሯል። ሥራቸውን ብጠይቃቸው ቀኑን ሙሉ ጆንያ ይሸከማሉ። «እንቅስቃሴ» ሲባል ስፖርት መስሏቸው ነበር። ይህን የትኛውም ሶፍትዌር አይነግርህም። ጥያቄውን «በሥራም ሆነ ከሥራ ውጭ» ብለን አስተካከልነው። እኔ ብቆጣ የምቆጣው ይህን ደረጃ ዘለው ቀጥታ ወደ ስሌት በሚሮጡት ነው።

ጥያቄ፦ በሌላ ቋንቋ የተረጋገጠ መጠይቅ ብተረጉም ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተርጉሙት፤ ሁለቱን አስታርቁ። ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ መልሶ ይተርጉመው። ከዚያም ከላይ እንዳልኩት በሕመምተኞች ይሞከር።

ጥያቄ፦ ስንት ሰው ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ለፋክተር አናሊሲስ (የትኞቹ ጥያቄዎች አብረው እንደሚቧደኑ ለሚያሳየው ስሌት) የተለመደው ልምድ ለአንድ ጥያቄ ከ5 እስከ 10 ሰው ነው፤ በጠቅላላው ግን ከ100 ባይወርድ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ መልሱ ይጸና እንደሆነ ለማየት ያንኑ መጠይቅ ለእነዚያው ሰዎች ድጋሚ የማስሞላው ከስንት ቀን በኋላ ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ። በጣም ካጠረ የቀድሞ መልሳቸውን ያስታውሳሉ፤ ከረዘመ ልማዱ ራሱ ይቀየራል። እህቴ፣ በመሃል የአመጋገብ ምክር እንዳትሰጪያቸው አደራ! መልሱ ቢለወጥ መጠይቁ ይዋዥቅ፣ ሰዎቹ ይለወጡ መለየት አትችዪም።

ጥያቄ፦ ሕመምተኞች ሐኪሙን ደስ ለማሰኘት ቢያሳምሩትስ?

መልስ፦ ያሳምራሉ፣ ክፋት ግን የለበትም። መጠይቁን የሚከታተላቸው ሐኪም ባይሞላላቸው ይሻላል። ከተቻለ በሌላ መለኪያ አመሳክሩ፤ ለእንቅስቃሴ አክስለሮሜትር (ሰውነት ላይ ታስሮ እንቅስቃሴን የሚመዘግብ መሣሪያ)፣ ለሲጋራ የኮቲኒን (ሰውነት ኒኮቲንን ሲፈጭ የሚፈጠር ንጥረ ነገር) ምርመራ። ኮቲኒን የሚያሳየው የቅርብ ቀናትን ማጨስ ብቻ ስለሆነ የጥያቄያችሁም ጊዜ ከዚያ ጋር ይግጠም። ስታወዳድሩ ኮሪሌሽን (ሁለቱ መለኪያዎች አብረው ከፍና ዝቅ ማለታቸውን የሚያሳይ ቁጥር፤ ትልቁ 1 ነው) ብቻ አትዩ። ሁሉም ሰው የተራመደውን ደቂቃ እጥፍ አድርጎ ቢናገር ኮሪሌሽኑ 1 ይወጣል፣ የ30 ደቂቃ መንገድ ግን 60 ተብሎ ይመዘገባል። የብላንድና አልትማን ሥዕል (የሁለቱን መለኪያዎች ልዩነት ከአማካያቸው ጋር የሚያስቀምጥ ግራፍ) ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል።