ሽሮው ስንት ኪሎ ቀረ? የጓዳ አፕ ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት አንድ ነገር ላይ ነው፦ ጓዳ ውስጥ ያለውን የሚመዘግብ፣ የሳምንቱን ምግብ የሚያቅድ፣ የሚገዛውን የሚያስታውስ የስልክ አፕ። ከጠያቂዎቹ ግማሹ አፑን በመሥራት ላይ ያሉ፣ ግማሹ ደግሞ ሞክረው የተዉት ናቸው። ሁሉንም ሰብስቤ ዛሬ እመልሳለሁ፤ ረዘም ያሉትን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ሥራዬ የጓዳ አፕ ነው። ሲጀመር ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ከነመጠኑ አስገቡ ይላል። እናቴ እንድትሞክረው ብሰጣት በርበሬ ጋ ስትደርስ "ልጄ፣ ይኼን ስሞላ ወጡ ያርብኛል" ብላ መለሰችልኝ። ምን ላስተካክል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እናትሽ የሰጡሽን አስተያየት የሚያህል ከየትም አታገኚም። ቤት የሚያስተዳድር ሰው ሽሮውን በኪሎ አያውቀውም። ክዳኑን ከፈት አድርጎ ያይና "ለዚህ ሳምንት ይበቃናል" ወይም "ነገ ወፍጮ ቤት መላክ አለብን" ይላል። አፑም ከዚህ የበለጠ መጠየቅ የለበትም። ለአብዛኛው ዕቃ ሦስት ቁልፍ ይበቃል፦ አለ፣ እያለቀ ነው፣ አልቋል።

ቆጠራውን ሙሉ በሙሉ አንሺው። ሥራው ከግዢ ዝርዝር ይጀምር። "ምስር፣ ዘይት፣ ቀይ ሽንኩርት" ተብሎ ተጽፎ፣ ተገዝቶ ምልክት ሲደረግበት፣ ዕቃው በራሱ ጊዜ ጓዳ ገብቶ "አለ" ይሁን። ሁለት ሦስት ጊዜ ገበያ ከተወጣ በኋላ ማንም ሳይቆጥር ጓዳው ይሞላል። ቁጥር የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ ለሚጠይቀውና አልፎ አልፎ ለሚገዛው ነው፤ ጤፍ፣ ዘይት፣ የጋዝ ሲሊንደር።

ከዚህ የበለጠ ያሳሰበኝ ግን ማስታወሻው የሚመጣበት ጊዜ ነው። ከውጭ የመጡት አፖች ዕቃው ሲያልቅ ይነግሩሻል፤ ሱቅ ሄዶ መግዛት ነው ብለው ስለሚያስቡ። እኛ ቤት በርበሬ አልቆ ከተነገረ ረፍዷል። ዛላው ይገዛል፣ ይቀነጠሳል፣ ይደለዛል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከቅመሙ ጋር ይፈጫል። ይኼ ሁሉ ሐምሌ ላይ አይሞከርም፤ ስለዚህ አፑ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ "ያለው በርበሬ ክረምቱን ያወጣል ወይ?" ብሎ ቢጠይቅ ነው የሚያዋጣው። እንጀራም እንደዚያው ነው። ሊጡ ተቦክቶ እስኪጋገር ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ መሶቡ ባዶ ሲሆን የሚመጣ መልእክት ምንም አይፈይድም። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ጥያቄ ጨምሪ፦ "ከማለቁ ምን ያህል ቀደም ብዬ ላስታውስ?" መልሱን ከእናትሽ ጋር ቁጭ ብለሽ ሙዪው። እሳቸው ባይነግሩሽ ከየትኛውም መጽሐፍ አታገኚውም።

ጥያቄ፦ የባርኮድ ማንበቢያ ልጨምርበት? (ከአዳማ)

መልስ፦ መጨረሻ ላይ። ጤፉ በጆንያ፣ ሽንኩርቱ ከጉሊት፣ ቅቤው በቅጠል ተጠቅልሎ ለሚመጣበት ቤት ካሜራው የሚያነበው ነገር የለም። ፓስታና የታሸገ ወተት ብቻ የሚያውቅ ጓዳ ይሆንብዎታል። ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም ላሉ ወገኖች የሚሠሩ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ የተጀመረውን "ኦፕን ፉድ ፋክትስ" የተባለውን ክፍት የመረጃ ቋት በነፃ መጠቀም ይችላሉ፤ የአውሮፓ ሱቅ ዕቃ በብዛት እዚያ ላይ አለ።

ጥያቄ፦ የሳምንት ምግብ የሚያወጣ አፕ እየሠራን ነው። ጾምን "የእንስሳት ተዋጽኦ የሌለው" በሚል ማጣሪያ አስገብተነዋል፤ ተጠቃሚዎች ግን እያማረሩ ነው። ምን ጎደለ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ካሌንደር ጎደለ። ያ ማጣሪያ የተሠራው ዓመቱን ሙሉ ሥጋ ለማይበላ ሰው ነው። የእናንተ ተጠቃሚ ማክሰኞ ማታ ዶሮ በልቶ ረቡዕ ሽሮ የሚበላ ነው። በየሳምንቱ ሁለት ቀን ማጣሪያውን እየከፈተ እየዘጋ እንዲኖር ፈርዳችሁበታል።

ረቡዕና ዓርብ ቀላል ይመስላሉ፤ ነገር ግን ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት አይጾሙም፣ ገናና ጥምቀት ሲውሉባቸውም እንዲሁ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ እነዚህን አንዴ መጻፍ ይበቃል። ችግር የሚፈጥሩት ተለዋዋጮቹ ናቸው። ብዙ ሠሪዎች የአንዱን ዓመት ቀን በእጅ አስገብተው ይተዉታል፤ ዓመቱ ሲዞር አፑ በሁዳዴ ጥብስ ያቀርባል።

ተለዋዋጮቹን አጽዋማትና በዓላት የሚያወጣውን የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ፣ ባሕረ ሐሳብን፣ በኮድ መጻፍ ግን ከባድ አይደለም። የ2018ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር የሚባለው ቁጥር 12 ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 18፤ ይኼ መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በዚያው ቁጥር መስከረም ላይ፣ ካነሰ ጥቅምት ላይ ይውላል (ዜሮ ከመጣ 30 በሉት)። መስከረም 18 ቀን 2018 እሑድ ነበር። የእሑድ ተውሳክ (በዕለቱ ልክ የሚደመረው ቁጥር) 7 ነው፤ የሰኞ 6፣ የማክሰኞ 5፣ እያለ ወርዶ የዓርብ 2 ይሆናል፣ የቅዳሜ ብቻ 8። 18 እና 7 ሲደመሩ 25፤ ስለዚህ ነነዌ ጥር 25። መጥቅዕ ጥቅምት ላይ ከዋለ ወይም ድምሩ ከ30 ካለፈ ነነዌ የካቲት ላይ ይሆናል፤ ካለፈ 30 ይቀነስለታል። የቀረው መደመር ነው። ከነነዌ 14 ቀን ቆጥራችሁ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ 69 ቀን ቆጥራችሁ ትንሣኤ ሚያዝያ 4፣ 119 ቀን ቆጥራችሁ ጾመ ሐዋርያት ግንቦት 24 ትደርሳላችሁ። ሊቃውንቱ በቃል የሚያወርዱትን ሒሳብ ስልክ አይችለውም አትበሉኝ።

ሌላም አለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው ላይ ቤቶች አይስማሙም፤ ምርጫውን ለቤቱ ተዉት፣ አፑ ዳኛ አይሁን። የምሳ ሰዓትም በጾም ይለወጣል፤ እስከ 9 ሰዓት ለሚቆይ ሰው 6 ሰዓት ላይ "ምሳዎን አይርሱ" ማለት ነገር መፈለግ ነው። ቅበላ ሲቃረብ ደግሞ ምክሩ ቶሎ የሚበላሸውን ያስቀድም፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ፍሪጅ የገባ ሥጋ። ንጥር ቅቤው ፋሲካን ይጠብቃል።

ረመዳንን የምታስገቡ ከሆነ፣ ማስገባትም አለባችሁ፣ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደኋላ እንደሚመጣና መግቢያው ጨረቃ ከመታየት ጋር እንደሚያያዝ አትርሱ። ተጠቃሚው አንድ ቀን ወደፊት ወይም ወደኋላ መግፋት ይቻለው። አንድ ቤት ውስጥ የሚጾምና የማይጾም፣ ሕፃንና በሽተኛ አብረው ይኖራሉና ጾሙ በቤተሰብ ሳይሆን በሰው ይመዝገብ።

ጥያቄ፦ አፑ ላይ "አሳ" ብዬ ስፈልግ ምንም የለም ይላል፤ ትናንት ግን ራሴ አስገብቼዋለሁ። (ከጎንደር)

መልስ፦ ያስገቡት "ዓሣ" ብለው ይሆናል። ሠሪው ዘንግቶታል እንጂ መፍትሔው ቀላል ነው። ከፍለጋው በፊት ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነሆሄያታቸው መመለስ፤ በተጨማሪም ሃን ወደ ሀ፣ ኣንና ዓን ወደ አ። የሚታየው ጽሑፍ ሰውዬው እንደጻፈው ይቆይ፤ የሚፈለገው ቅጂ ብቻ ይለወጥ። ዕርድና እርድ፣ ሥጋና ስጋ፣ ዕንቁላልና እንቁላል በአንድ ጊዜ ይታረቃሉ። በላቲን ፊደል "ሽሮ" ብሎ የሚጽፈውን ግን እንዴት እንደሚይዙት ሠሪዎቹ ይጨነቁበት፤ ብዙ ነው፣ በተለይ ወጣቱ።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ በየስልካችን አንድ ጓዳ እንጋራለን። ኔትወርክ ሲጠፋና ሲመለስ ቁጥሩ ይዘበራረቃል። (ከደሴ)

መልስ፦ አፑ የሚያስቀምጠው የመጨረሻውን ቁጥር ስለሆነ ነው። 6 ሊትር ዘይት ነበር እንበል። እርስዎ ቤት ሆነው አንድ ሊትር ቀዱ፤ ስልክዎ 5 አለ። ባለቤትዎ በዚያው ሰዓት 3 ሊትር ገዙ፤ የእሳቸው ስልክ 9 አለ። ኔትወርክ ሲመለስ ዘግይቶ የደረሰው ያሸንፍና ወይ 5 ወይ 9 ይሆናል፤ እውነቱ ግን 8 ነው። ሠሪው ማስቀመጥ ያለበት የሆነውን ነገር ነው፦ "አንድ ተቀነሰ"፣ "ሦስት ተጨመረ"። ሁለቱም ስልኮች የሁለቱን መዝገብ ከተለዋወጡ በኋላ ይደምሩት። ኔትወርክ ባይኖርም ሁሉም ነገር ስልኩ ላይ መሥራት አለበት፤ መብራት በጠፋበት ሰዓት ጓዳ ቆሞ ክብ እየዞረ የሚያስጠብቅ አፕ ማንም ደግሞ አይከፍተውም።

ጥያቄ፦ ምግብ የምትሠራልን ልጅ ማንበብ አትችልም፤ አፑን እንዴት ትጠቀምበት? ባለቤቴ ደግሞ በዚያው ዘይቱና ስኳሩ የት እንደሚሄድ እናውቅበታለን ይላል። (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ለመጀመሪያው፦ ሥዕልና ድምፅ። የራሳችሁን ጣሳና ጀሪካን ፎቶ አንሱና ለየዕቃው አድርጉት፤ ከገበያ ሥዕል ይልቅ የቤቷን ዕቃ ቶሎ ትለየዋለች። "አልቋል" የሚለው ቁልፍ ሲነካ በአማርኛ ይናገር፤ አፏን የፈታችው በሌላ ቋንቋ ከሆነ በእሱ። የድምፅ መልእክት መተው ብትችል ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ለሁለተኛው መልሴ አይሆንም ነው። ዘይት አልቋል ብላ ስትጫን "የት ሄደ?" የሚል ጥያቄ የሚከተላት ከሆነ መጫኑን ትተዋለች፤ እናንተም ዘይት ማለቁን የምታውቁት እንግዳ በመጣ ቀን ይሆናል። ጓዳውን የምታውቀው እሷ ናት፤ መዝገቡ የሚሠራው እሷ ሳትፈራ ስትናገር ብቻ ነው። ባለቤትዎን ያነጋግሯቸው። ሠሪዎችም "ማን ቀነሰው" የሚለውን ለሁሉም ከማሳየት ቢቆጠቡ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የምጠቀምበት አፕ የሁሉንም ነገር ጊዜው አልፏል እያለ በቀይ ያስፈራራኛል፤ ማሳወቂያውን ዘጋሁት። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ደግ አደረጉ። ሩዝና ደረቅ ምስር ላይ የተጻፈው ቀን ጥራቱን የሚመለከት እንጂ በማግሥቱ ይመርዛል ማለት አይደለም። ከኢትዮጵያ የተላከልዎት ሽሮና በርበሬ ደግሞ መጀመሪያውኑ ቀን የለውም። በእርግጥ ማስታወሻ የሚያስፈልገው ቀን ያልተጻፈበት ነገር ነው፤ እሑድ ተሠርቶ ፍሪጅ የገባው ወጥ። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የተረፈ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል ይላል። አፑ ላይ "የተረፈ" የሚል አንድ ቁልፍ ካለ እሱን ብቻ ይጠቀሙ፤ ረቡዕ ከሥራ ሲወጡ "ወጥ አለዎት፣ ምግብ አይዘዙ" ቢልዎት የአፑን ዋጋ በአንድ ቀን ያወጣል። እንጀራውን እንደገዙ ከፋፍለው ፍሪዘር ያስገቡት፤ የደረቀው ለፍርፍር ነው፣ የሻገተው ግን ይጣል፣ ሻጋታውን ቆርጦ ቀሪውን መብላት አይሆንም።

ጥያቄ፦ አንድ ጣሳ፣ አንድ መደብ፣ አንድ እስር… በምን ልለካው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይለኩት። "አንድ መደብ ቲማቲም" ብሎ የገዛ ሰው "አንድ መደብ" ብሎ ይመዝግብ። ወደ ግራም የሚቀይር ሠንጠረዥ ቢሠሩ የሐዋሳ መደብ ለመቀሌ አይሆንም፤ የዛሬውም ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። አፑ ማወቅ የሚችለው አንድ መደብ በዚያ ቤት ስንት ቀን እንደሚቆይ ነው፤ ለማቀድም የሚጠቅመው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሐሳቡ አለኝ፣ ገንዘቡ የለኝም። ከየት ልጀምር? (ከጅማ)

መልስ፦ ጎግል ፕሌይ ላይ ለመመዝገብ አንድ ጊዜ 25 ዶላር፣ አፕል ጋ በየዓመቱ 99 ዶላር ይከፈላል። ሁለቱንም ለጊዜው ይተዉና የቴሌግራም ቦት ይሥሩ፤ ቦቱን ለመክፈት ምንም አይከፍሉም፣ የሚሞክሩልዎ ሰዎችም ቴሌግራሙን ቀድሞውኑ ስልካቸው ላይ ጭነውታል። ቦቱ አንድ ነገር ብቻ ይሥራ፦ ቤተሰቡ የግዢ ዝርዝር ይጻፍበት፣ ገበያ የወጣው ሰው ምልክት ያድርግበት። ጎረቤትዎ ያሉ ጥቂት ቤቶች አንድ ወር ሙሉ ከተጠቀሙበት ያኔ ስለ አፑ እናውራ። ካልተጠቀሙበት ደግሞ 25 ዶላሩ ኪስዎ ውስጥ አለ።