ጎረቤት አጥሩን ሲያስረዝም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ጅማን እንደምታውቁት አድርጓታል፣ የአዌቱ ወንዝ ሞልቷል፣ መብራቱ ይመጣል ይሄዳል፣ እኔም ቡናዬን ይዤ የተጠራቀመውን ጥያቄ ሳገላብጥ አብዛኛው ስለ ጦርነት ሆኖ አገኘሁት። ባለፈው እትም ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የጻፍኳት አንዲት አንቀጽ ናት መሰለኝ ጉዱን ያመጣችው። አራት ጥያቄ መርጫለሁ። የውጪውን ታሪክ በፈረንጅ፣ የኛን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ እንዴት ኖት? እዚሁ ጅማ የካምፓስ ተማሪ ነኝ። አንደኛ ዓመት ላይ ስለ አገሮች ግንኙነት የሚያስተምረውን ግሎባል ትሬንድ የሚባለውን ኮርስ ወስጄ ሪያሊዝም፣ ሊበራሊዝም፣ ኮንስትራክቲቪዝም የሚባሉትን ቴዎሪዎች ሸምድጄ ኤ አገኘሁ። ለእረፍት ቤት ስሄድ ግን አባቴ "እሺ፣ ታዲያ ሰው ለምንድነው የሚዋጋው?" ሲለኝ አፌ ተያዘ። ከሦስቱ የቱ ነው ትክክል?
(ተማሪዋ፣ ከቆጪ)

መልስ፦ አይዞሽ፣ አስተማሪሽም በአባትሽ ቢጠየቅ ይንተባተብ ነበር። ችግሩ ቴዎሪዎቹን እንደ ምርጫ ጥያቄ ሀ ለ ሐ ብለው ስለሚያስተምሯችሁ ነው። ኬኔት ዋልትዝ የሚባል አሜሪካዊ በ1959 ነገሩን ቀለል አድርጎ አስቀምጦታል፣ የጦርነትን ምክንያት የት ነው የምትፈልጉት ነው ያለው፣ ሰውየው ውስጥ፣ አገሩ ውስጥ፣ ወይስ አገሮቹ አንድ ላይ የሚኖሩበት ሁኔታ ውስጥ?

እኔ ይሄ ሦስተኛው፣ የአገሮቹ አብሮ መኖር ነገር፣ የገባኝ ከመጽሐፍ ሳይሆን እዚሁ ጊንጆ ሰፈራችን ውስጥ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ፣ ቡና የሚጠራሩ። አንደኛው ቤት ሌባ ገባና ሰውየው አጥሩን ሁለት መደዳ ብሎኬት ጨምሮ ጫፉ ላይ ጠርሙስ ሰካበት። የወዲያኛው "እንዴ፣ እኔን ነው እንዴ የጠረጠረኝ?" አለና ውሻ አመጣ። ውሻው ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያኛው ደግሞ አምፖል ተከለ፣ አምፖሉ ቀጥታ የጎረቤቱ መኝታ ቤት ላይ ያበራል፣ በቃ ሰላምታ ቀረ። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፣ አንዳቸውም ክፉ አይደሉም። ሁለቱም ያደረጉት ራስን መጠበቅ ነው፣ ግን አንዱ ራሱን በጠበቀ ቁጥር ሌላው ይሰጋል። ጆን ኸርዝ የተባለ ምሁር በ1950 የደኅንነት አጣብቂኝ ያለው ይሄንኑ ነው። የኛዎቹን በመጨረሻ የእድር ሽማግሌዎች ገብተው አስታረቋቸው። አገርና አገር ሲሆን ግን እድር የለም፣ ቀበሌ የለም፣ ሄደሽ የምትከሺበት ፖሊስ ጣቢያ የለም። አገር ሁሉ ራሱን ለመጠበቅ ይሮጣል የሚሉት ሪያሊስቶቹ አናርኪ ሲሉ ረብሻ ማለታቸው አይደለም፣ ከበላይ ዳኛ የለም ነው የሚሉት።

ለዚህ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የጊቤ ነገሥታት፣ ጅማም ሊሙም ጎማም ጉማም ጌራም፣ በመካከላቸው ሞጋ የሚባል ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ይተዉ ነበር፣ መግቢያው ላይ ደግሞ ጥበቃ ያለበት ኬላ። ዛሬ በፈረንጅኛ በፈር ዞን የሚሉትን አያቶቻችን ኮርስ ሳይወስዱ ሠርተውታል።

አሁን 1914ን በዚህ ዓይን እዪው። ሰኔ 28 ቀን ሳራዬቮ ላይ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የሚባል የ19 ዓመት ልጅ የኦስትሪያን አልጋ ወራሽ ገደለ። ኦስትሪያ ሰርቢያን ልትቀጣ ተነሳች፣ ሩሲያ ለሰርቢያ ብላ ክተት አወጀች፣ ጀርመን ደግሞ ሩሲያ ተዘጋጅታ ሳትጨርስ መቅደም አለብኝ አለች፣ የጦር እቅዷም በባቡር ሰዓት የተቆጠረ ስለነበረ መጀመሪያ ፈረንሳይን መምታት፣ ለዛ ደግሞ በቤልጂየም በኩል ማለፍ ነበረባት፣ ቤልጂየም ስትነካ እንግሊዝ ገባች። ነሐሴ 4 ላይ ሁሉም ውጊያ ውስጥ ናቸው። 37 ቀን! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለነሱ ነበር። ልጁ ባይተኩስስ? ኦስትሪያ ውስጧ እየተበጣጠሰ ባትፈራስ? የሰውየውም፣ የአገሩም፣ የአጥሩም ጉዳይ አለበት፣ ሦስቱንም አንድ ላይ ካላየሽ አይገባሽም።

ኮንስትራክቲቪስቶቹ ደግሞ አንድ አሪፍ ነገር ይጨምራሉ። አጥሩን ያስረዘመው የሰውየው የገዛ ወንድሙ ቢሆን ኖሮ ውሻ አያመጣም ነበር፣ እንደውም ሲሚንቶ ያበድረው ነበር። አሜሪካ የእንግሊዝ ኒውክሌር እንቅልፍ አይነሳትም፣ የሰሜን ኮሪያው ይነሳታል። መሣሪያው ያው መሣሪያ ነው፣ የሚለየው ስለ ባለቤቱ ያለሽ ሐሳብ ነው። ለአባትሽ እንግዲህ የኔን ግምት ንገሪያቸው፣ በክፋት ከተጀመረ ጦርነት በፍርሃት የተጀመረው ይበዛል። ግን ሁሌ አይደለም፣ ለዛ እስከ አራተኛው ጥያቄ ታገሺኝ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። የምኖረው ጅሬን ነው፣ ዓይኔ ስለደከመ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ቤተ መንግሥቱን ሊያዩ የሚመጡ ወጣቶች "አባ ጅፋር እኮ ሳይዋጉ ነው የገበሩት" እያሉ ሲስቁ እሰማለሁና ይቆጨኛል። ያንተ ትምህርት ስለዚህ ምን ይላል?
(ከጅሬን)

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም አባቴ። የልጅ ልጅዎንም አላህ ያሳድግልዎ፣ ጽሑፉ ከኔ ይሻላል።

የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ሲነግሡ ገና ለጋ ወጣት ነበሩ፣ እናታቸው ጌኔ ጉሚቲ ያማክሯቸው እንደነበር ይነገራል። በ1874 እምባቦ ላይ ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ካደረጉ በኋላ በጊቤ ዙሪያ ጠመንጃ ያለው ማን እንደሆነ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። አባ ጅፋርም አሰቡና ግብር መላክ መረጡ። በምላሹ ጅማ በራሷ ንጉሥ፣ በራሷ ዳኝነትና በራሷ ሃይማኖት ቀጠለች፣ ይሄ ደግሞ እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ድረስ ማለት ነው፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ። ጎረቤት ከፋ ግን እምቢ አለች። በ1889 ተዘመተባት፣ በጉድጓድና በኬላ ወራት ሙሉ ተከላክላ በመጨረሻ ንጉሧ ጋኪ ሸሮቾ ተማረኩ፣ አገሩ ተጎዳ።

ትምህርቱ ለዚህ ሁለት ስም አለው። ከኃያሉ ጎን መሰለፍ አንድ፣ ኃያሉን ለመመከት መቆም ሁለት። ወጣቶቹ የመጀመሪያውን ፍርሃት ይሉታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ416 የአቴንስ ሰዎች ሜሎስ ወደምትባል ትንሽ ደሴት መጥተው ገብሩ አሏቸው፣ የሜሎስ ሰዎች ፍትሕ ከኛ ጋር ነው፣ የአቴንስ ጠላት ስፓርታም ትደርስልናለች ብለው እምቢ አሉ። ስፓርታ አልደረሰችም። ወንዶቹ ተገደሉ፣ ሴትና ሕፃናቱ ለባርነት ተሸጡ። አባ ጅፋር ይሄን የግሪክ ታሪክ አላነበቡም፣ ሒሳቡን ግን ሠርተውታል።

ታዲያ አባቴ፣ ላስደስትዎ ብዬ ግማሹን አልደብቅም። ሰላሙ በነፃ አልተገኘም። ግብሩ የወጣው ከገበሬው ጎተራ ነው፣ የጅማ ጦርም ንጉሠ ነገሥቱ ሲያዝዙ አብሮ ይዘምት ነበር፣ ከፋ ላይም ዘምቷል። የከፋ ወዳጆቼ እኔ ይሄን ታሪክ "ብልጥና ሞኝ" አድርጌ ሳወራው ይቆጡኛል፣ ልክ ናቸው። ቴዎሪ ያዋጣል አያዋጣም ይልሃል እንጂ ክብር ስንት እንደሚመዘን አይነግርህም።

ደግሞ እዩት፣ ጅማን ያስገበሩት ምኒልክ ራሳቸው ጣሊያን ሲመጣባቸው ሌላውን መንገድ ነው የመረጡት። በ1881ዱ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 አማርኛው ከውጪ መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ በጣሊያን በኩል ማድረግ "ይችላሉ" ሲል ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው፣ እሳቸውም ውሉን አፈረሱ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ ሆነ የሆነው። ልዩነቱ ወኔ ብቻ አይደለም፣ በዛን ጊዜ እጃቸው ላይ ብዙ ጠመንጃ ነበር፣ የሚከተላቸውም ሠራዊት። አባ ጅፋር በ1874 እንደዛ ያለ ጠመንጃም ሆነ ሠራዊት አልነበራቸውም። የሚስቁትን ልጆች ይሄንን ይጠይቁልኝ፣ እናንተ ብትሆኑስ በምን ትዋጉ ነበር?

ጥያቄ፦ ሂርማታ ቡና ነጋዴ ነኝ። ንግድ ያለበት ጦርነት የለም ሲሉ እሰማለሁ፣ ለኛ ለነጋዴዎች ደስ የሚል ወሬ ነው ግን እውነት ነው?
(ነጋዴዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ ግማሹ እውነት ነው። ሊበራሊስቶቹ እንደዛ ይላሉ፣ ደንበኛህን አትገድልም ነው ነገሩ። ኖርማን ኤንጀል የሚባል እንግሊዛዊ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ዓመት በፊት ኢኮኖሚው እንዲህ ከተሳሰረ በኋላ ያሸነፈም አያተርፍም ብሎ ጻፈ። ከዛ 1914 መጣና ዋና ደንበኛሞቹ እንግሊዝና ጀርመን ተፋጁ። ሰውየው እስከዛሬ ይሳቅበታል፣ ያለ አግባብ ነው ግን፣ እሱ አያዋጣም ነው እንጂ አይሆንም አላለም፣ ደግሞ እውነትም ለማን አዋጣ?

የሚሠራው ንግድ የትኛው እንደሆነ ለማየት 1951ን ማየት ነው። ፈረንሳይና ምዕራብ ጀርመን ከሌሎች አራት አገሮች ጋር ሆነው የድንጋይ ከሰላቸውንና ብረታቸውን አንድ የጋራ አስተዳደር ስር አስገቡት። ከሰልና ብረት ለምን? መድፍ የሚሠራው በሱ ስለሆነ ነዋ። አንቺ በምታውቂው ልንገርሽ፣ ሁለት ሸሪክ አንድ መጋዘን ላይ ሁለት ቁልፍ ያደርጋሉ፣ አንዱ ብቻውን አይከፍተውም። ሁለቱ አገሮች በ70 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የተዋጉ ናቸው፣ ከዛ ወዲህ አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ዱቤ ብቻውን አያስታርቅም፣ የሁለት ቁልፉ መጋዘን ግን ይሞክራል።

ጥያቄ፦ ባሻዬ እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ተሳፋሪው ሁሉ የሚያወራው ሦስተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የተባበሩት መንግሥታትም ጥርስ የሌለው አንበሳ ነው፣ ጃንሆይም ጄኔቫ ሄደው ማን ሰማቸው ይላሉ። እውነት ነው? ጦርነቱስ ይመጣል?
(ከአጂፕ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጠንቋይ አይደለሁም፣ ይመጣል አይመጣም አልልህም። የጄኔቫውን ግን ላውራህ፣ ለተማሪዋም ቃል ገብቻለሁ።

ከተባበሩት መንግሥታት በፊት ጄኔቫ ላይ የመንግሥታቱ ማኅበር የሚባል ነበር፣ ኢትዮጵያ አባል የሆነችው በ1916 ነው፣ ሕጉም አንዱ ሲነካ ሁሉም ይነሳል ነበር። ኅዳር 1927 ወልወል ላይ ከጣሊያን ጋር ግጭት ተፈጠረ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ጣሊያን ወረረን። ሙሶሊኒን ማንም አላስፈራራውም፣ እሱ ጋ የአጥሩ ጨዋታ አይሠራም፣ ፈልጎ ነው የመጣው። ማኅበሩም ማዕቀብ ጣለ፣ ግን ምን ዓይነት ማዕቀብ መሰለህ፣ ነዳጅ የሌለበት! አንተ ባለ ባጃጅ ነህ፣ ቤንዚን ካልተከለከልክ ምን ያቆምሃል? የሱዌዝ ቦይም አልተዘጋም፣ የጣሊያን መርከብ ወታደሩን ጭኖ ያልፍ ነበር። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን ከሂትለር ጋር እንዳይሄድ ስለፈለጉ ሚኒስትሮቻቸው ሆርና ላቫል በስውር አገራችንን ሊሸነሽኑለት ሁላ ተስማምተው ነበር፣ ወሬው ወጥቶ ሕዝብ ሲጮህ ነው የቀረው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ጃንሆይ ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች ያፏጩባቸዋል፣ ብዙም ሳይቆይ ማዕቀቡ ተነሳ። ሙሶሊኒም በመጨረሻ ከሂትለር ጋር ሄደ። ከተማችን ውስጥ የምታልፍባቸው አሮጌ የጣሊያን ሕንፃዎች የዛ ውጤት ናቸው፣ ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው ዋና ከተማ አድርገዋት ነበር።

ስለዚህ ተሳፋሪዎችህ ግማሽ ልክ ናቸው፣ አንበሳው ጥርስ ነበረው፣ ባለቤቶቹ አፉን ዘጉት እንጂ። የዛሬውም ቬቶ፣ ማለትም ውሳኔ የመሻር ድምፅ፣ ያላቸው አምስቱ አገሮች ካልፈለጉ አፉን አይከፍትም። ሲከፍት ደግሞ የኛ ሰው ጄኔቫን አልረሳም፣ በ1943 የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ድረስ የሄደው አንዱ ሲነካ ሁሉም ይነሳ የሚለውን ነገር በተግባር ለማሳየት ነበር።

ሦስተኛውን በተመለከተ፣ በጣም የቀረበው በጥቅምት 1962 ነው፣ ሶቭየት ኩባ ላይ ሚሳይል ተክላ አሜሪካ ያወቀች ጊዜ። በዛ 13 ቀን ውስጥ ከሚያስደነግጠው ነገር አንዱ የሶቭየቱ መሪ ክሩሽቼቭ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የላከው ደብዳቤ እስኪደርስና እስኪተረጎም ብዙ ሰዓት መፍጀቱ ነው፣ ዓለም በእሳት ጫፍ ላይ ሆና ፖስታ ትጠብቃለች። ከዛ በኋላ ነው በ1963 ሞስኮና ዋሽንግተን ቀጥታ መስመር የዘረጉት። ሰው ቀዩ ስልክ ይለዋል፣ ፊልም ላይም ቀይ ስልክ ነው። ስልክ ግን አልነበረም፣ በጽሑፍ የሚልክ ቴሌታይፕ የሚባል ማሽን ነበር፣ በድምፅ ሲያወሩ ቃል እንዳይሳሳት ብለው። አሜሪካኖቹ በእንግሊዝኛ ይልካሉ፣ ሩሲያዎቹ በሩሲያኛ፣ ትርጉሙ የተቀባዩ ሥራ ነው። ይሄን ሳስብ የውጫሌው አንቀጽ 17 ነው ትዝ የሚለኝ። አንተ ግን ተሳፋሪ ቀይ ስልክ ካለህ ተወራረደው፣ ትበላዋለህ።