ጭርምቡ ዘለንቃውን ጨፈነቀው

ልጆቼ፣

እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ዓመታት ሆነኝ። አሁንም ግን ጠዋት ጠዋት ቡና ልጠጣ ወደ ፒያሳ ስወርድ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ያስቆሙኛል። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ቲቸር፣ ምንባቡን አንብበን እንጨርሳለን፤ ጥያቄው ላይ ስንደርስ ግን ጭንቅላታችን ውስጥ ምንም የለም። ምን ይሻለናል?» መንገድ ላይ ቆሞ የሚመለስ ነገር አይደለም። የደሴ ዝናብም ቢሆን የሰው ወሬ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ስለዚህ ተቀምጬ ልጻፍላችሁ።

አንድ ቀን 10ኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጭርምቡ ዘለንቃውን በማለዳ ጨፈነቀው።» ከዚያ መጠየቅ ጀመርኩ። የጨፈነቀው ማን ነው? «ጭርምቡ!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ። ምኑን? «ዘለንቃውን!» መቼ? «በማለዳ!» ሦስት ከሦስት አገኙ። ለመሆኑ ጭርምቡ ምንድን ነው? ዝም። ሰው ይሁን አውሬ፣ መጨፍነቁም ይጥቀም ይጉዳ የሚያውቅ አልነበረም። ከየት ይወቁት? ቃላቱን ማታ ቤቴ ተቀምጬ የፈጠርኳቸው እኔው ነኝ።

አብዛኞቻችሁ የእንግሊዝኛ ምንባብ የምትሠሩት እንዲህ ነው። ጥያቄው ውስጥ ያለውን ቃል ይዛችሁ ምንባቡ ውስጥ ታሳድዱታላችሁ፤ ስታገኙት ዙሪያውን ያለውን አፍሳችሁ ትመልሳላችሁ። ጥያቄው ቀላል ሲሆን ያዋጣል። ፈተና አውጪ ግን ይህን ልማዳችሁን ከእናንተ ይበልጥ ያውቀዋል። ከአራቱ ምርጫዎች አንዱን የምንባቡን ቃላት እንዳለ አልብሶ ትርጉሙን ያጣምምበታል። እውነተኛውን መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሌላ ቃል ጽፎ ጥግ ላይ ያስቀምጠዋል። ምንባቡን በጣም የሚመስለውን ምርጫ በጣም ጠርጥሩት።

ከጥፋቱ የእኔም ድርሻ አለበት። ጀማሪ መምህር ሳለሁ ምንባቡን ጮክ ብዬ አነብና ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ እመልሰው ነበር። ተማሪው ከአፌ እየተቀበለ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ እኔም ጎበዝ መምህር ነኝ ብዬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ልጆቹ የተማሩት ግን የእኔን አማርኛ ነበር። ፈተና ክፍል ሲገቡ እኔ አብሬያቸው አልገባሁም።

በእኛ በወሎ ድምፅን አስቀድሞ ትርጉምን ማስከተል የቆየ ልማድ ነው፤ እኔም አልንቀውም። የቆሎ ተማሪው ግዕዙን ገና ሳይገባው ያንበለብለዋል፣ የቁርአን ተማሪው ደረሳም ዐረብኛውን እንዲሁ በቃሉ ይይዘዋል። ነገር ግን ሁለቱም እዚያ ላይ አይቆሙም። አንደኛው ትርጓሜ ቤት ገብቶ «አንድም» እያለ አንዲቱን ቃል ሲያገላብጥ ዓመታት ይፈጃል፤ ሌላው ሼኹ ፊት ለተፍሲር፣ ለቁርአን ትርጓሜ ማለት ነው፣ ይቀመጣል። ንባብ ለእነርሱ መግቢያው በር ነው። እናንተን ግን በሩ ላይ አቁመን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም፣ ታሪኩንም፣ ባዮሎጂውንም በእንግሊዝኛ ጫንንባችሁ። ስለዚህ የምንባብ ነገር የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ደግሞ ከቃሉ ጀርባ ያለውን መረዳት አንችልም አትበሉኝ። ጎረቤታችሁ ከሰዓት በኋላ በራፍ ላይ ብቅ ብላ «ዛሬ እናንተ ቤት የቡና ሽታ ጠፋ፣ ደኅና ናችሁ?» ብትል እናታችሁ ምን ትላለች? «ጀበናውን አምጪ!» ቡና አፍሉልኝ ያለ ማን አለ? ማንም። ሁላችሁም ግን ገብቷችኋል። ፈተናው ላይ «ከዚህ አንቀጽ ምን መረዳት ይቻላል?» ተብሎ ሲመጣ የሚያስደነግጣችሁ ይኸው የጎረቤታችሁ አነጋገር ነው። ችሎታው ከሕፃንነታችሁ ጀምሮ የእናንተ ነው፤ ባዕዱ ቋንቋው ብቻ ነው።

ለዚህ ነው የሥራ ባልደረቦቼ የማይወዱትን ምክር የምሰጣችሁ። አንድ አንቀጽ አንብቡ፣ መጽሐፉን ክደኑት፣ ከዚያ ጸሐፊው ያለውን በአንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ተናገሩት። በአንድ ብቻ! ቃል በቃል መመለስ አይደለም፤ ታናሽ ወንድማችሁ «ምን ይላል?» ቢላችሁ የምትነግሩትን ማለቴ ነው። «በእንግሊዝኛ አስቡ» የሚሏችሁ አሉ። መልካም ነው፣ አንድ ቀን ትደርሱበታላችሁ። ለጊዜው ግን በአማርኛ ልትናገሩት ያቃታችሁ ነገር በእንግሊዝኛም አልገባችሁም።

አሁን ወደ በሬው ልውሰዳችሁ። ምንባቡ ስለ ድርቅ ነበር። በአንድ ቦታ ላይ ‹ፊው ፋርመርስ ሶልድ ዜር ኦክስን› ይላል። ግማሹ ክፍል «ጥቂት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ሸጠዋል፣ ስለዚህ ችግሩ ጸንቶባቸዋል» ብሎ መለሰ። ‹ኤ ፊው› ቢል ኖሮ ባላስቀየመኝ። ‹ኤ ፊው› ሲል ቁጥራቸው ያንስ እንጂ የሸጡ አሉ ማለቱ ነው፤ ያቺ ‹ኤ› ስትጎድል ግን የሸጠ እምብዛም የለም ማለቱ ይሆናል። ይህን ላስረዳ ጠመኔዬን ሳነሣ ከደላንታ የመጣ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ገበሬ በሬውን የሚሸጠው መጨረሻ ላይ ነው። በጉ ይሄዳል፣ ፍየሉ ይሄዳል፣ ጊደሯ ትሄዳለች። በሬው ከሄደማ በምን ያርሳል? ጸሐፊው የሸጠ ሰው እምብዛም የለም ካለ፣ ገና እዚያ አልደረሱም ማለቱ ነው።» ጠመኔዬን መልሼ አስቀመጥኩ። ከሰዋስው መጽሐፍ ያላገኘውን ከአባቱ በረት አግኝቶታል።

በሚቀጥለው ሳምንት ምንባቡ በፈረስ ስለሚያርሱ ገበሬዎች ነበር፤ ይኸው ጎበዝ በበሬ አረሰላቸው። ስቀን አላበቃንም። የምታውቁትን ይዛችሁ ወደ ምንባቡ ግቡ፣ መልሱን ግን ከምንባቡ ይዛችሁ ውጡ። ሁለቱ ሲጋጩ ፈተናው ላይ የሚሰማው የጸሐፊው ቃል ነው።

ትልልቅ ቃላት ታሳድዳላችሁ፤ ፊደሉ የበዛ ቃል ስታጠኑ አያችኋለሁ። የሚጥሏችሁ ግን ትንንሾቹ ናቸው። ከደሴ ወደ ወልዲያ ስትጓዙ ሐይቅን አልፋችሁ ውጫሌን ታገኛላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» የሚል ነበር። ኢጣልያ ግን በራሷ ቋንቋ የተጻፈውን ግዴታ ነው ብላ ያዘች። ከዚያ የመጣውን፣ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የደረሰውንም ታውቃላችሁ። እንግዲህ ‹ሜይ› (ይቻላል) እና ‹መስት› (ግዴታ ነው) የሚሉትን ቃላት አንድ አድርጎ የሚያነብ የወሎ ልጅ ሳይ ብናደድ አትፍረዱብኝ።

ከዚህ ጋር ‹ሁዌቨር› (ነገር ግን) የምትለዋን ጨምሩ። ጸሐፊው እስከዚያ የሰዎችን አስተሳሰብ ሲያትት ቆይቶ የራሱን ሊናገር ሲል ነው የሚያመጣት፤ የአንቀጹ ዋና ሐሳብ ብዙ ጊዜ ከእርሷ ቀጥሎ ነው። ‹ኢት› እና ‹ዜይ› ሲመጡም ጣታችሁን ወደ ኋላ መልሳችሁ ማንን እንደሚያመለክቱ ንኩ። በጣት መንካት የሕፃን ሥራ ነው ብላችሁ አትፈሩ፤ እኔ እስከ ዛሬ አደርገዋለሁ።

መዝገበ ቃላትንና ስልክን በተመለከተ አጭር ነው። መጀመሪያ ምንም ሳታወጡ እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ሁለተኛ ስታነቡ መንገድ የዘጉባችሁን ቃላት ብቻ አውጡ። ምንባቡን በሙሉ ፎቶ አንስቶ ስልኩን ተርጉምልኝ የሚል ተማሪ የእኔን የድሮውን ክፍል በኪሱ ይዞ እየዞረ ነው።

የምታነቡት ነገር ከአቅማችሁ በላይ መሆን አለመሆኑን በእጃችሁ መለካት ትችላላችሁ። ሁ እና ኔሽን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንባቢ ያለ ማንም እርዳታ በደንብ እንዲገባው ከ100 ቃላት 98ቱን ያህል ማወቅ እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል። አንድ ገጽ 250 ያህል ቃላት ቢኖሩት፣ የማታውቁት ቃል በመጣ ቁጥር አንድ ጣት እጠፉ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣቶች ከታጠፉ መጽሐፉን መልሱና ቀለል ያለ ውሰዱ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ለ7ኛ ክፍል የተጻፈ ታሪክ ቢያነብ የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም። በአንድ ከባድ ገጽ ላይ አንድ ሰዓት ከማላብ ይልቅ ቀላሉን 20 ገጽ ማንበብ ይሻላል፤ በየቀኑ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል።

መጽሐፍ የለንም ትሉኝ ይሆናል። ቤተ መጻሕፍት ከሌለበት ቀበሌ ለምትመጡ ይህ እውነት ነው፤ አላስተባብልም። እንግሊዝኛ ግን ባላሰባችሁበት ቦታ አለ። የፀረ ተባይ ጠርሙስ ላይ አለ፣ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ አለ። በቀደም የጎረቤቴ ልጅ፣ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል የገባች ናት፣ የደም ግፊት መድኃኒቴን ወረቀት እንድታነብልኝ ሰጠኋት። መነጽሬ ጠፍቶብኝ ነበር። ‹ዱ ኖት ስቶፕ … አንለስ ዩር ዶክተር ቴልስ ዩ› የሚለው ላይ ደረሰችና ያለ ምንም ማቅማማት «ሐኪምህ ቢነግርህም አታቋርጥ ይላል» አለችኝ። «ታዲያ ሐኪሙ ምን ሥራ አለው?» አልኳት። ዝም ብላ ወረቀቱን አየችው። ጣቷን ‹አንለስ› ላይ አድርጋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ደጋግማ አነበበችው።

«ካልነገረህ በስተቀር አታቋርጥ ነው እንዴ፣ አባባ?»

መልስ ሳልሰጣት ወደሚቀጥለው መስመር ወርዳለች። መነጽሬን ከአልጋው ሥር አግኝቼ ስመለስ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን ይዛው ነበር።