እጅ ያልነካው ሳንቲም፦ ከወሎ ሰብሳቢዎች የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ያ ጀማው፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ገበያ ሳይወጣ፣ ከሰው እጅ ሳይገባ ከነእሽጉ ስለሚገኝ ሳንቲም የሚያሳስባችሁን ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከባቲ፣ ከወልድያና ከላስታ ጥያቄ ደርሶኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ ባንክ ገብቼ አዲስ ሳንቲም ስጡኝ ስል ግር ብለው ያዩኛል። እንዴት ብዬ ልጠይቅ?

አብሽር ወንድሜ፣ ግር የሚላቸው ጥያቄው ስላልተለመደ ነው። ዛሬ በ5 እና በ10 ሳንቲም የሚገዛ ነገር ስለሌለ፣ ሳንቲም ፈልጎ መስኮት ላይ የሚቆም ደንበኛ ብዙ አይገጥማቸውም። ለእኛ ግን ይኸው ነው እድሉ፤ ሰው ስላልፈለገው እሽጉ ሳይፈታ የመቆየት ተስፋ አለው።

የደመወዝ ሰሞንና የገበያ ቀን አትሂድ። ሰልፉ ሳሳ ሲል፣ ደብተር ወዳለህበት ቅርንጫፍ ግባ፤ ካዝና ድረስ ገብቶ የሚያይልህ የሚያውቅህ ሰው ነው። «አዲስ አለ?» ብለህ አትጠይቅ። እንዲያ ካልክ ገንዘብ ያዡ ከመሳቢያው የሚያብረቀርቅ የሚያብረቀርቀውን ለቅሞ ይሰጥሃል፤ እሱም ስንት እጅ የዞረ ሊሆን ይችላል። «ያልተፈታ እሽግ አለ ወይ?» በል። የሰብሳቢ ሰው መሆንህንም በግልጽ ተናገር፤ ምክንያቱን ሲያውቁ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይተባበራሉ። ከሌለ ዝርዝር መቼ እንደሚመጣላቸው ጠይቀህ፣ አመስግነህ ውጣና ያን ጊዜ ተመለስ።

አንድ አደራ፦ የ1 ብሩን ሳንቲም በብዛት አታስወጣ። ባለሱቁም የታክሲ ረዳቱም መልስ አጥተው ይቸገራሉ። ለስብስብ አንድ እሽግ ይበቃል።

ከደሴ ፒያሳ፦ አሜሪካ ያለችው እህቴ በወረቀት የተጠቀለለ ሳንቲም ልላክልህ ብላኛለች። አንዱ ጥቅል ስንት ይይዛል? አዲስ መሆኑንስ በምን አውቃለሁ?

እኛ ዘንድ እኔ ከባንክ የተቀበልኩት ሁሉ በከረጢት ነው፤ የወረቀት ጥቅል የእነሱ ልማድ ነው። የአሜሪካው ቁጥሩ የታወቀ ነው፦ 1 ሳንቲም 50 ፍሬ፣ 5 ሳንቲም 40፣ 10 ሳንቲም 50፣ 25 ሳንቲም 40፣ 50 ሳንቲም 20፣ 1 ዶላር 25። የዩሮው ደግሞ 1፣ 2 እና 5 ሳንቲም 50፣ 10፣ 20 እና 50 ሳንቲም 40፣ 1 እና 2 ዩሮ 25 ፍሬ ነው።

ወረቀቱ ግን ለአዲስነቱ ዋስትና አይደለም። ያገለገለውንም በማሽን ቆጥረው በዚያው ዓይነት ወረቀት ይጠቀልሉታል። እህትህ የጥቅሉን ሁለት ጫፎች ታስተውል፤ አንደኛው ጫፍ ጠቆር ካለ ውስጡ ድብልቅ ነው። ሁለቱም ብሩህ ከሆኑ ግን ጥሩ ምልክት ነው፣ እርግጡ ግን ሲከፈት ነው የሚታወቀው። ጥርጣሬ ከማትወዱ ወገን ከሆናችሁ፣ የአሜሪካ ሳንቲም ማተሚያ ራሱ የ50 ሳንቲምና የ1 ዶላር ጥቅል ለሰብሳቢ ይሸጣል፤ ከተጻፈበት ዋጋ በላይ ያስከፍላል እንጂ ከምንጩ የመጣ ነው። ደግሞ ለገበያ የሚሆነውን 1 ሳንቲም ማተም በኅዳር 2018 (እ.ኤ.አ. በ2025) አቁመዋልና፣ የመጨረሻው ዓመት ጥቅል ከተገኘ ትያዝልህ። ሻንጣው እንዳይከብዳት ታስብ፤ አንዱ የ25 ሳንቲም ጥቅል 227 ግራም ያህል ይመዝናል።

ከወልድያ፦ ያለኝ 10 ሳንቲም ሁሉ ፲፱፻፷፱ (1969) ይላል። ያ ሁሉ ሳንቲም በአንድ ዓመት ታትሞ ነው?

ይህን በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል፤ የኛን ሀገር ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ይኸንን ነው። ሳንቲሙ ላይ ያለው ዓመት ሁልጊዜ የታተመበት ዓመት አይደለም። ንድፉ ሳይቀየር፣ ዓመተ ምሕረቱም ሳይነካ ደጋግሞ ይታተማል። የጃንሆይ 1936 ሳንቲም ለብዙ ዓመታት ያው 1936 እያለ ወጥቷል። የደርጉ 1969ም እንዲሁ። ከሁሉም የባሰው ጠገራ ብር ነው፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በሞተችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1780፣ ቆሞ እስከ ዛሬ ይታተማል።

ታዲያ አንዱን ከሌላው እንዴት እንለይ? በ1969ኙ ላይ የአንበሳውን አገጭ በማጉያ መነጽር ተመልከት። በአንደኛው ዓይነት ሁለት ረጃጅም የጢም ጫፎች ከሌላው ጢም አልፈው ወጥተዋል፤ በሌላኛው ጢሙ እኩል ነው። የተለያየ ማተሚያ ቤት ሥራዎች ናቸው። ማግኔትም ያዝ፦ የ1969 5 እና 10 ሳንቲም ናስ ስለሆነ አይሳብም፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው ግን ብረት ላይ ናስ የተለበጠ ነውና ይሳባል።

ከዚህ ያለፈውን ሳንቲሙ ራሱ አይነግርህም። ስለዚህ እሽግ ባገኘህ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ቀኑን፣ ከተማውንና ቅርንጫፉን ጽፈህ አብረህ አስቀምጥ። ዓመቱ በማይለወጥ ሳንቲም ላይ መቼ እንደወጣ የሚመሰክረው ያ ወረቀት ብቻ ነው። የውጭ ሰብሳቢዎች ዛሬ ስለ 1969ኙ እርስ በርስ የሚጠያየቁት ያኔ እንዲህ የጻፈ ሰው በመጥፋቱ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ስለ 1 ብሩ የሚጠይቅ ይኖራል፤ መልሱ ከእኛ ቢገኝ ደስ ይለኛል።

ከደሴ ሆጤ፦ አያቴ ከተዉልን መካከል ሁለት ቀይ 25 ሳንቲም አለ፤ አንዱ ክብ፣ አንዱ ዳሩ ሞገድ ሞገድ ያለው። ሁለቱም 1936 ነው። የቱ ይበልጣል?

ክቡን በደንብ ያዢው እህቴ። የዚያ ዘመን 50 ሳንቲም ከብር የተሠራ ሲሆን፣ ክቡ የመዳብ 25 ሳንቲም ደግሞ በመጠን ይቀርበው ነበር። ነጭ ቀብተው በ50 የሚያሳልፉት ሰዎች ስለበዙ ዳሩ በሞገድ እንዲሆን ተደረገ። ክቡ እንደልብ አይገኝም።

ከኮምቦልቻ፦ ያልተነካና ተወልውሎ ያበራ ሳንቲም በዓይን ይለያል?

ይለያል፣ ትንሽ ልምድ ይጠይቃል እንጂ። ሳንቲሙን በዳርና በዳሩ ያዝና ከአንድ አምፖል ሥር ቀስ እያልክ አዘንብለው። ካልተነካ ከመሐል ወደ ዳር የተዘረጉ የብርሃን ጨረሮች እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ ይዞራሉ። ይህ የሚመጣው ማተሚያው ሲጫነው ብረቱ ወደ ዳር ሲፈስ ከሚተወው ረቂቅ መስመር ነው፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። የተወለወለው ያበራል፣ ብርሃኑ ግን ባለበት ይቆማል፤ በማጉያ ሲታይም ወደ አንድ አቅጣጫ የሄዱ ጭረቶች አሉበት።

ቀጥለህ ከፍ ከፍ ያሉትን ቦታዎች እይ። በአንበሳው በኩል ጉንጩና አፍንጫው፣ በ10 ሳንቲሙ የኒያላው ቀንድ፣ በ1 ሳንቲሟ የሚያርሱት በሬዎች ጀርባ። መጀመሪያ የሚበላው እዚያ ነው። ቀለሙ ከሌላው ደብዘዝ ካለ ሳንቲሙ ኪስ አይቷል። ትናንሽ ጠባሳዎች ግን አያስደንግጡህ፤ ከረጢት ውስጥ እርስ በርስ ሲጋጩ የሚመጡ ናቸው። ከ1 እስከ 70 በሚለካው የሰብሳቢዎች መመዘኛ ከ60 ጀምሮ ያለው ሁሉ ያልተዘዋወረ ነው፤ በ60 እና በ70 መካከል ያለውን ልዩነት የሚያመጡት እነዚሁ ጠባሳዎችና የብርሃኑ ጥራት ናቸው።

ከደሴ፦ በሎሚና በአመድ ባጥበውስ?

በፍጹም! በጥርስ ሳሙናም ቢሆን አይሆንም።

ከባቲ፦ እኛ ዘንድ ጠገራ ሞልቷል። ያልተነካ ጠገራ ይገኛል?

ጋሼ፣ የባቲ ሰኞ ገበያ ጠገራ በታሪኩ ነው የሚከበረው። ለአንገት ጌጥ ጆሮ የተበየደለት፣ የተበሳ፣ ፊቱ የተበላ ነው፤ በዚህ መልኩ ቢሰበሰብ መልካም ነው፣ ያልተዘዋወረ ግን አይባልም። ያልተነካ ካማረዎት የቪየናው ማተሚያ አሁንም ይሠራዋል። ከገበያ ሲገዙ ሚዛንና ጠርዝ ይዩ፦ እውነተኛው 28 ግራም ከትንሽ ይመዝናል፣ ጠርዙንም የላቲን ጽሑፍ ይዞረዋል። ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ብቻ ያለውን ወይም ልሙጡን ይተዉት።

ከላስታ፦ ጎረቤታችን ሲያርስ ትንሽ አሮጌ ሳንቲም አገኘ፣ መስቀል አለበት። ልግዛው?

አትግዛው። የአክሱም ዘመን ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ቅርስ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ መገለጽ አለበት፣ ያለ ፈቃድም ከሀገር አይወጣም። ሳያጥበው፣ የተገኘበትን ቦታ አስታውሶ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ያሳውቅ። ከየትኛው ማሳ፣ በምን ጥልቀት እንደተገኘ ከጠፋ ግማሽ ዋጋው ጠፋ ማለት ነው።

ከደሴ፦ ጉሙና ብርዱ እያለ እንዴት ላስቀምጠው?

የደሴ ክረምት ብረት ላይ ለተለበጠ ሳንቲም ክፉ ነው። ልባጡ በሳሳበት ዳር በኩል ዝገት ይጀምራል። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ዕቃ ውስጥ አድርገው፣ አዲስ ጫማ ሣጥን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብረህ ጨምር። በላስቲክ አትሠረው፤ ላስቲክ ድኝ ስላለው ብርና መዳብ ያጠቁራል። የሚሸትና የሚለጠጥ ፕላስቲክም ሲቆይ አረንጓዴ ዝልግልግ ይለቃል። ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ደግሞ ቦታው አይደለም።

ከወልድያ፦ ሸጬ አተርፍበታለሁ?

ለትርፍ ከሆነ አልመክርህም። የ5 ሳንቲም እሽግ ዛሬ ፈላጊው ጥቂት ነው።

ከኮምቦልቻ፦ እሽጉን ልክፈት ወይስ ሳይፈታ ልተወው?

ሁለት ካገኘህ አንዱን ክፈት፣ አንዱን እንዳለ አቆይ። አንድ ብቻ ከሆነ እኔ እከፍተዋለሁ፦ ሳይታይ የዛገ እሽግ ለማንም አይጠቅምም። ንጹህ ጨርቅ አንጥፍ፣ እጅህን ታጥበህ አድርቅ፣ አታፍስሳቸው፤ አንድ በአንድ አውጣና ምርጥ ምርጡን ለየብቻ አስቀምጥ። የእሽጉን ከረጢት ወይም ወረቀትም አትጣለው፣ ጽሑፍ ካለበት ከማስታወሻህ ጋር አያይዘው።