ከተመረቅሁ ወዲህ ደስታዬ ለምን ቀነሰ?

ጥያቄ፦ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ 27 ዓመቴ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ሳለሁ ኑሮዬ ደስ ይለኝ ነበር። ከተመረቅሁ ወዲህ ሥራም ትዳርም አልሆነልኝም፤ ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ልቤ ቅዝቅዝ ይላል። እግዚአብሔር ተለይቶኝ ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ አልተለየሽም። በብዙ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ሰው በኑሮው የሚረካው በወጣትነቱ መጀመሪያ ከፍ ብሎ፣ እስከ አርባዎቹ አጋማሽ ቀስ እያለ ሲወርድና ኋላም መልሶ ሲወጣ ታይቷል፤ በሁሉም አገር ግን አንድ አይደለም። በጀርመን ሰዎችን ዓመት ከዓመት የተከታተለ ጥናት ደግሞ ወጣቶች ከ5 ዓመት በኋላ ይኖረናል ብለው የሚጠብቁት እርካታ ኋላ ከሚያገኙት እንደሚበልጥ አሳይቷል። ልብሽን የሚያደክመው በአብዛኛው ይኸው ነው፤ «በ25 ዓመቴ እዚህ እደርሳለሁ» ብለሽ ለራስሽ የቆረጥሽው ቀነ ቀጠሮ።

ዮሴፍ ሲሸጥ 17፣ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ ነበር። መካከሉ ባርነትና እስር ነው። የጠጅ አሳላፊዎቹን አለቃ «አስበኝ፣ ያለ በደሌ ነው የታሰርሁት» አለው፤ ሰውየው ረሳው፤ ሁለት ዓመት ተጨመረበት። ያ እሮሮ ኃጢአት ሆኖ አልተቆጠረበትም፤ ያንቺም ኀዘን አይቆጠርብሽም። ተስፋ ወደ መቁረጥና ባገኘ ሰው ወደ መቅናት እንዳይወስድሽ ግን ተጠንቀቂ።

በ18 ዓመትሽ የተመኘሽውን በወረቀት ጻፊ። በእያንዳንዱ ጎን ምኞቱ የማን እንደሆነ አስፍሪ፦ የራሴ፣ የእናቴ፣ ስልኬ ላይ ካየሁት የጓደኛ ፎቶ የመጣ። ይህን ይዘሽ ንስሐ አባትሽ ዘንድ ሂጂ፤ «ደስታ አጣሁ» ብቻ ካልሻቸው የቱን ይዘው ይምከሩሽ?

ለጸሎት ጠዋት የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ይበቃል። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ሙሉ ዳዊትና መቶ ስግደት ባንድ ጊዜ ይጀምራሉ፣ በሳምንቱ ይደክማሉ፣ ከዚያ ጨርሰው ይተዋሉ። በጎጃም የዋሸራ ቅኔ ቤት ተማሪ ሁለት ስንኝ ብቻ ካለው አጭር ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል እንጂ ረጅሙን ቅኔ መወድስን አልቆጠርሁም ብሎ አያለቅስም። ሥራ መፈለግሽንም አትተዪ፤ «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል» ያለው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ነው የኖረው።

እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት አጥተሽ፣ ምንም ነገር ሳያስደስትሽ ሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ሆስፒታል ሂጂና የአእምሮ ሐኪም ይይሽ። ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም፤ ሐኪሙ ሳያዝ እንዳታቋርጪ። ሞት ከተመኘሽ ደግሞ ቀን አትቁጠሪ፤ ዛሬውኑ ለቤተሰብሽ ተናገሪ፣ ብቻሽንም አትደሪ።