«ማንም አይነካም በያቸው» ተባልኩ

ጥያቄ፦ በአንድ አስመጪ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል እሠራለሁ። ድርጅቱ ቅርንጫፎቹን ወደ አንድ ሊጠቀልል ነው፤ የወረቀቱ ሥራም ወደ ሲስተም ይገባል። እኔ ለውጡን እንዳስተባብር ተመደብኩ። ሠራተኛው በየቀኑ ቢሮዬ እየመጣ «እንጀራችን አለ ወይ?» ይለኛል። አለቃዬ ደግሞ «ማንም አይነካም በያቸው፣ ከተሸበሩ ሥራ ይቆማል» ይሉኛል። የሚቀነሱት ሰዎች ዝርዝር ግን ተዘጋጅቷል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ምን ላድርግ?
ግራ የገባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ አትበያቸው። ሌላው ሌላው ያነጋግራል፣ ይቺ ግን አታነጋግርም።

አለቃሽ የፈሩት ነገር መሠረት የለውም አልልም። ወሬው ቀድሞ ከወጣ መጀመሪያ ሲቪውን ይዞ የሚሄደው ጎበዙ ሠራተኛ ነው፣ ሌላ ቦታም የሚፈለገው እሱ ነዋ። ዝርዝሩም ገና ያልጸደቀ ረቂቅ ሊሆን ስለሚችል ስም እየጠሩ ማውጣት የአንቺ ሥልጣን አይደለም። (ለመሆኑ የራስሽ ስም እንደሌለበት አይተሻል?) ግን ምስጢር መጠበቅና መዋሸት ለየቅል ናቸው። «መዋቅሩ እየተጠና ነው፣ የሥራ መደቦች ሊቀነሱ ይችላሉ፣ ሲወሰን ከእኛ ትሰማላችሁ» ማለት ትችያለሽ። ደስ አይልም፣ የሚቆጣሽም አይጠፋም። ቢሆንም «ማንም አይነካም» ያልሽው ሰውዬ በማግስቱ ሄዶ የባንክ ብድር ቢፈርምስ? ውሳኔው የባለቤቱ ነው እንበል፣ ያቺ ቃል ግን ከአንቺ አፍ ነው የወጣችው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ዘመድ ካለሽ ስለ ቢፒአር፣ የሥራ ሂደትን ከሥሩ እንደገና ስለማዋቀር ማለት ነው፣ ጠይቂው። በ1990ዎቹ መጨረሻ መዋቅር እየፈረሰ ሲሠራ፣ ነባሩ ሠራተኛም በአዲስ ምደባ ውስጥ ሲገባ ያየ ሁሉ የሚያወራው አያጣም። የሐሳቡ አባት ከሚባሉት አንዱ አሜሪካዊው ማይክል ሃመር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ነው ጽፎ ያስተዋወቀው። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን ራሱ ሃመር ለአንድ ጋዜጣ፣ በምህንድስና ዓይን ብቻ ስላየሁት ለሰው ጉዳይ በቂ ቦታ አልሰጠሁም የሚል ነገር ተናገረ። እሱ እስኪገባው ድረስ ስንቱ መሥሪያ ቤት ተተራምሷል!

አለቃሽ ጋ ስትገቢ ታዲያ «ሕሊናዬ እምቢ አለኝ» ብለሽ አትጀምሪ፣ አዋጁን ይዘሽ ግቢ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ቅነሳው ከሠራተኛው ቁጥር 10 በመቶ ከደረሰ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። በቅነሳ ለሚሰናበት ሠራተኛም የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ስለዚህ ነገሩ ተደብቆ የሚያልቅ አይደለም፤ ዛሬ «ማንም አይነካም» ብለሽ ነገ ከማኅበሩ ጋር ስለ ቅነሳ ልትቀመጪ ነው? በዚያውም ዝርዝሩ በምን መስፈርት እንደወጣ ጠይቂ። ሕጉ ቅድሚያ የሚሰጠው ለችሎታና ለተሻለ ምርታማነት ነው፤ የአክስት ልጅ መሆን መስፈርት ውስጥ የለም።

እንቢ ካሉስ? «እንግዲያውስ ስብሰባ እጠራለሁ፣ እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው» በያቸው። ወይም መልእክቱ በእሳቸው ፊርማ ተጽፎ ይለጠፍ። ብዙ አለቃ «እስቲ ቃላቱን እንደገና እንያቸው» የሚለው ያኔ ነው።