የግልገል አባይ አፈር የት ይቀራል?

ጥያቄ፦ በክረምት ግልገል አባይ ደፍርሶ ወደ ጣና ሲገባ አያለሁ፤ ባሕር ዳር ላይ ከሐይቁ የሚወጣው አባይ ግን ያን ያህል አፈር አይታይበትም። አፈሩ የት ይቀራል? (አንድ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አብዛኛው የሚቀረው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ነው። ወንዙ ከሰከላ ደጋ ቁልቁል ሲወርድ ዳርቻውን እየሸረሸረ ድንጋዩን ያንከባልላል፣ አሸዋውን በወለሉ ላይ እያነጠረ ይነዳል፣ ደቃቁን ሸክላ አፈር ደግሞ ከውሃው ጋር ቀላቅሎ ይዞት ይጓዛል። ሜዳ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ አስቀድሞ ጠጠሩን፣ ቀጥሎ አሸዋውን ይጥላል፤ ሐይቁ ሲገባም ደለሉ እየተከመረ ወደ ውሃው የሚገፋ አዲስ መሬት ይሠራል። ሩዝ የሚበቅልበት የፎገራ ሜዳም ርብና ጉማራ በጎርፍ ያመጡት ደለል ነው።

ሸክላው ግን የተለየ ጠባይ አለው። መጠኑ ከ0.004 ሚሊ ሜትር የሚያንስ ቅንጣት በረጋ ውሃ ውስጥ እንኳን አንድ ሜትር ለመስጠም አንድ ቀን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ የወንዝ ውሃ በእንስራ አሳድሮ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ይበልጥ የሚያስደንቀው፣ አንዴ ከረጋና ከተጣበቀ በኋላ መልሶ ለማንሳት አሸዋን ከሚያነሳው የበለጠ ፈጣን ወራጅ የሚያስፈልገው መሆኑ ነው።

ጣና በጥልቁ ስፍራ እንኳን 15 ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ይህ ክምችት እጅግ ያሳስበኛል፤ አፈሩን ከተዳፋቱ ማሳ ላይ በእርከን ማስቀረት ከሐይቁ ወለል ከመዛቅ በብዙ ይቀላል።